ከለንደን እስከ ሲድኒ፦ የመቶ ዓመት የሰማይ መንገድ

ከለንደን ሲድኒ ያለው ርቀት በአጭሩ መስመር ሲለካ 17,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምድራችን ላይ ሁለት ቦታዎች ቢበዛ ሊራራቁ የሚችሉት 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ጉዞ የለም ማለት ይቻላል። ይህ ቁጥር በ1919 ይኸው ነበር፤ ዛሬም ይኸው ነው። የተለወጠው መንገደኛው በጉዞ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ፣ በየመሃሉ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ብዛትና የሚከፍለው ዋጋ ነው፤ እነዚህም እኩል አልቀነሱም፣ በአንድ ዘመንም አልቀነሱም። ጊዜው በአብዛኛው ያጠረው ከ1919 እስከ 1971 ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ቲኬቱ የተራ ሠራተኛ አቅም ውስጥ ሲገባ፣ ሰዓቱ ግን ከቦታው እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን መስመር የመረጥሁት አቪዬሽን በየዘመኑ የደረሰበትን ዳርቻ ስለሚያሳይ ነው። ለንደንና ኒው ዮርክን ሳያርፉ ማገናኘት ተራ ነገር ከሆነ ዘመናት አልፈዋል፤ ለንደንና ሲድኒን ግን መንገደኛ ጭኖ፣ አንድም ጊዜ ሳያርፍ፣ በመደበኛነት ያገናኘ አየር መንገድ እስካሁን የለም። መቶ ዓመት ሙሉ በዚህ መስመር ላይ የተካሄደው ትግል በሁለት ክብደቶች መካከል ነው፤ በሚጫነው ነዳጅና በሚጫነው ሰው።

መነሻው የሽልማት ገንዘብ ነበር። በ1919 በጠቅላይ ሚኒስትር ቢሊ ሂዩዝ የሚመራው የአውስትራሊያ መንግሥት፣ ከብሪታንያ ተነሥቶ በ30 ቀን ውስጥ አውስትራሊያ ለሚደርስ የመጀመሪያ አውስትራሊያዊ ቡድን 10,000 ፓውንድ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ወንድማማቾቹ ሮስና ኪት ስሚዝ፣ ከሁለት መካኒኮቻቸው ከጂም ቤኔትና ከዋሊ ሺርስ ጋር፣ ለጦርነት በተሠራው ቪከርስ ቪሚ ኖቬምበር 12 ቀን ከለንደን ዳርቻ ከሃውንስሎ ተነሥተው ዲሴምበር 10 ቀን ዳርዊን ገቡ። ጉዞው 27 ቀን ከ20 ሰዓት ፈጀ። በአየር ላይ የቆዩት ግን 136 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከጠቅላላው ጊዜ አንድ አምስተኛውን በረሩ፤ የቀረውን መሬት ላይ አሳለፉት።

ይህ ንጽጽር የኋላውን ታሪክ ሁሉ ያስረዳል። ቪሚ በሰዓት በአማካይ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይበር ነበር፤ በዚያ ፍጥነት እንኳ ሳያቋርጥ መብረር ቢችል ኖሮ ስድስት ቀን አይሞላበትም ነበር። ያዘገየው ምድር ነው። የሚታመን ማረፊያ ሜዳ አልነበረም፤ ነዳጅ በየቦታው አስቀድሞ መከማቸት ነበረበት፤ ሞተሩም በየማረፊያው ይፈተሻል። ጃቫ ደሴት ላይ፣ ሱራባያ፣ አውሮፕላኑ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ሲቀር የአካባቢው ሰዎች የቀርከሃ ምንጣፋቸውን አምጥተው መንደርደሪያ አነጠፉለትና ተነሣ። ለውድድሩ ከተነሡት ስድስት ቡድኖች በሁለቱ ውስጥ የነበሩ አራት ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከስሚዞቹ ሌላ እስከ መጨረሻው የደረሰ አንድ ቡድን ብቻ ሲሆን፣ እሱም 206 ቀን ፈጅቶበታል። ዳርዊን መድረስም ሲድኒ መድረስ አልነበረም፤ ቪሚ የአውስትራሊያን ምድር አቋርጦ ሲድኒ የገባው በፌብሩዋሪ 1920 ነው።

ቀጥሎ ያሉት ዓመታት በግለሰቦች ድፍረት የተሞሉ ናቸው። በርት ሂንክለር በ1928 ብቻውን እያበረረ በ15 ቀን ተኩል ዳርዊን ደረሰ። ኤሚ ጆንሰን በ1930 በ19 ቀን ተኩል ደርሳ ይህን መንገድ ብቻዋን የበረረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እነዚህ ክብረ ወሰኖች አብራሪዎቹን አስከበሩ እንጂ ለመንገደኛ የፈየዱት ነገር አልነበረም፤ ወደ አውስትራሊያ የሚሄድ ሰው አሁንም በመርከብ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ይጓዝ ነበር።

እውነተኛው መታጠፊያ የመጣው በኦክቶበር 1934 ነው። ከእንግሊዟ ሚልደንሆል እስከ ሜልቦርን በተደረገው የማክሮበርትሰን ውድድር፣ እንግሊዛውያኑ አብራሪዎች ስኮትና ካምቤል ብላክ ለእሽቅድምድም ብቻ በተሠራች ዴ ሃቪላንድ ኮሜት 71 ሰዓት ያህል በርረው አሸነፉ። ለዚህ ዳሰሳ ግን ከአሸናፊዎቹ ይልቅ ሁለተኛ የወጣው ይበልጥብኛል። እሱ የሆላንዱ ኬኤልኤም ተራ የመንገደኛ አውሮፕላን፣ ዳግላስ ዲሲ-2 ነበር፤ ሦስት መንገደኞችና ፖስታ ጭኖ በ90 ሰዓት ገደማ ገባ። ከ15 ዓመት በፊት ጀግና ያስባለ ጉዞ ወንበርና መስኮት ባለው አውሮፕላን ከአራት ቀን ባነሰ ጊዜ መፈጸም እንደሚቻል ያን ቀን ታወቀ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ የድርጅትና የገንዘብ ነበር።

ድርጅቱ ዝግጁ ነበር። የብሪታንያው ኢምፔሪያል ኤርዌይስና የአውስትራሊያው ኳንታስ በ1934 በጋራ ባቋቋሙት ኩባንያ አማካይነት፣ ከኤፕሪል 1935 ጀምሮ መንገደኛ ከለንደን ብሪዝበን በ12 ቀን ተኩል መጓዝ ቻለ። የአንድ መንገድ ዋጋው 195 ፓውንድ ነበር። ጉዞው ሙሉ በሙሉ የአየር አልነበረም፤ ጣሊያን ለብሪታንያ አውሮፕላኖች ሰማይዋን እንደልብ ስላልከፈተች፣ መንገደኛው ከፓሪስ እስከ ብሪንዲዚ በባቡር ሄዶ ከዚያ በባሕር አውሮፕላን ወደ እስክንድርያ ይሻገር ነበር። የአንድ አገር እምቢታ የመንገዱን ቅርጽ ሲለውጥ የምናየው በዚህ መስመር ላይ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የመጨረሻው ግን አይደለም።

በ1938 ባቡሩ ቀረ። ሾርት ኢምፓየር የተባሉት ግዙፍ የባሕር አውሮፕላኖች ከሳውዝሃምፕተን ተነሥተው ሲድኒ ሮዝ ቤይ በ10 ቀን ያህል ይገቡ ጀመር። ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከሜዲትራኒያን እስከ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ባለው መንገድ የተደላደለ ሐይቅ፣ ወንዝና ወደብ ሲገኝ፣ ከባድ አውሮፕላን የሚሸከም መንደርደሪያ ግን በየቦታው አልነበረም። መንገደኞቹ 15 ያህል ሲሆኑ፣ በየቀኑ ብዙ ጊዜ እያረፉ ሌሊቱን ሆቴል ያድሩ ነበር። ወጪውን በዋናነት የተሸከመው ግን የእነሱ ቲኬት ሳይሆን የመንግሥታት የፖስታ ውል ነው። በዚያ ዘመን ሰው የደብዳቤ ተከታይ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም፤ ደብዳቤ ቀላል ነው፣ ቁርስ አይጠይቅም፣ መንግሥትም ይከፍልለታል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ሁሉ በጣጠሰው። ጣሊያን በጁን 1940 ስትገባበት የሜዲትራኒያን ሰማይ ተዘጋ። መስመሩም ከደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ተነሥቶ፣ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በማላካል፣ በካርቱምና በካይሮ በኩል ዞሮ ወደ ሲድኒ የሚያመራ ሆነ፤ በቅርጹ የተነሣ የፈረስ ኮቴ መስመር ተባለ። በፌብሩዋሪ 1942 ሲንጋፖር በጃፓን እጅ ስትወድቅ ያም ተቆረጠ፣ አውስትራሊያም ከብሪታንያ በአየር ተለየች።

መፍትሔው በመስመሩ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ነው። ከ1943 እስከ 1945 የኳንታስ ሠራተኞች ካታሊና በተባሉ የባሕር አውሮፕላኖች ከፐርዝ ከተማ ስዋን ወንዝ ላይ እየተነሡ፣ ከ5,600 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የሕንድ ውቅያኖስ ሳያርፉ አቋርጠው ሲሎን ደሴት ኮጋላ ሐይቅ ላይ ያርፉ ነበር። ጃፓኖች እንዳይሰሟቸው ሬዲዮ ዘግተው፣ አቅጣጫቸውን በከዋክብት እየለዩ ነው የሚበሩት። በረራው እንደ ነፋሱ ከ27 እስከ 33 ሰዓት ይወስድ ስለነበር፣ ተሳፋሪው በአንድ ጉዞ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ስትወጣ ያያል፤ በረራዎቹም በዚሁ ድርብ ንጋት ተብለው ተጠሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ 271 ጊዜ ተሻገሩ፤ አንድም አደጋ አልደረሰም። ለዚህ ሁሉ ነዳጅ ቦታ ለመስጠት ሲባል ግን አውሮፕላኑ የሚጭነው ሰው ከሦስት አይበልጥም፤ ፖስታውም 69 ኪሎ ነበር። ይህን ሦስት የሚል ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ከታች ከሌሎች ጋር አስተያየዋለሁ።

ጦርነቱ ብዙ ቢያጠፋም ለሰላሙ ዘመን ሁለት ነገር ትቶ ሄደ፤ ረጃጅም መንደርደሪያዎችንና ባለ አራት ሞተር ትልልቅ የየብስ አውሮፕላኖችን። የባሕር አውሮፕላን ዘመን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያበቃውም በዚህ ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 1947 የኳንታስ ሎክሂድ ኮንስቴሌሽን 29 መንገደኞችና 11 ሠራተኞች ይዞ ከሲድኒ ተነሣ፤ በዳርዊን፣ በሲንጋፖር፣ በካልካታ፣ በካራቺ፣ በካይሮና በትሪፖሊ አልፎ በአራተኛው ቀን ለንደን ገባ። መንገዱ ከ19,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፣ የበረራ ሰዓቱም 55 ገደማ። ይህ መስመር በየመሃሉ እየዘለለ ስለሚሄድ የካንጋሮ መስመር የሚል ስም ወጥቶለት እስከ ዛሬ ይጠራበታል።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ በ1935 12 ቀን ተኩል የነበረው በ1938 ወደ 10፣ በ1947 ወደ 4 ወርዷል። በ12 ዓመት ውስጥ፣ ስድስቱ በጦርነት አልፈው እንኳ፣ ጊዜው አንድ ሦስተኛ ሆነ። ዋጋው ግን ገና ሰማይ ነው፤ የደርሶ መልስ ቲኬቱ 585 ፓውንድ ነበር። የአውስትራሊያ መንግሥት በ2009 ባወጣው የአቪዬሽን ፖሊሲ ሰነድ ላይ ያለ አንድ ስሌት ይህን በደንብ ያሳያል፦ በ1945 አማካይ ደመወዝ የሚያገኝ አውስትራሊያዊ ርካሹን የሲድኒ ለንደን ደርሶ መልስ ለመግዛት የ130 ሳምንት ደመወዙን ማውጣት ነበረበት። ሁለት ዓመት ተኩል ሠርቶ፣ ምንም ሳይበላ ማለት ነው። በ1947 በአውሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጡት 29 ሰዎች ባለሥልጣን፣ ነጋዴና ባለጸጋ ቢሆኑ የሚገርም አይደለም።

ጄት ሲመጣ የመጀመሪያው ሙከራ በሐዘን ተጀመረ። የብሪታንያው ጄት ኮሜት (ከ1934ቱ የእሽቅድምድም ኮሜት የተለየ) በ1952 መንገደኛ ማጓጓዝ ቢጀምርም፣ በብረት መዛል ምክንያት በአየር ላይ እየተበተነ በ1954 ከአገልግሎት ወጣ። ዘላቂው ለውጥ የመጣው በ1959 ከቦይንግ 707 ጋር ነው። ኳንታስ ያዘዘው 707 ለእሱ ተብሎ ከሌሎቹ አጠር ተደርጎ የተሠራ ነበር፤ ወንበር ቀንሶ ርቀት መግዛት ነው ነገሩ። የካንጋሮው መስመር ከሁለት ቀን በላይ ከሆነው የፕሮፔለር ጉዞ ወደ 34 ሰዓት ገደማ ወረደ። የሆቴል አዳር ቀረ፣ መንገደኛውም ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ እየተኛ ዓለምን አቋረጠ።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ፍጥነት ነው። 707 በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር ነበር። ዛሬ የሚበረው አዲሱ ኤርባስም በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚበረው። ከ1919 እስከ 1959 በ40 ዓመት ውስጥ የአውሮፕላን ፍጥነት ሰባት እጥፍ ሲያድግ፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ከ60 በላይ ዓመታት ግን የተጨመረ ነገር የለም ቢባል ያስኬዳል። ከ1959 በኋላ የተቀነሱት ሰዓታት በሙሉ የተገኙት ማረፊያን በመቀነስ ነው።

በ1971 ኳንታስ ቦይንግ 747 ሲያስገባ የተለወጠው በዋናነት የወንበር ቁጥር ነው። ከ300 በላይ ሰው የሚጭን አውሮፕላን ለመሙላት ዋጋ መውረድ ነበረበት፣ ወረደም። ከላይ የጠቀስሁት ስሌት በ1965 ወደ 21 ሳምንት ደመወዝ፣ በ2009 ደግሞ ወደ 1.7 ሳምንት ይወርዳል። በ64 ዓመት ልዩነት የአንድ ዓይነት ጉዞ ዋጋ ከሁለት ዓመት ተኩል ሥራ ወደ ሁለት ሳምንት ያልሞላ ሥራ ወረደ። በዚህ ሁሉ ዳሰሳ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ አላየሁም፤ ከነኮንስቴሌሽንና ከነ707 ዝና ይልቅ ይህ ቁጥር ነው የሰውን ኑሮ የለወጠው። ወደ አውስትራሊያ የተሰደደ ሰው ወላጆቹን ዳግመኛ አያይም የሚለው የቆየ እውነት ያበቃው በዚህ ነው።

የመርከብ ውድቀትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የስዊዝ ቦይ ከ1967ቱ የዓረብና የእስራኤል ጦርነት እስከ 1975 ተዘግቶ በመቆየቱ የአውስትራሊያ መርከቦች አፍሪካን ለመዞር ተገደዱ፤ የመርከብ ጉዞው ሲረዝምና ሲወደድ የአየሩ ሲያጥርና ሲረክስ ሁለቱ ተላለፉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በመደበኛ መርከብ ከብሪታንያ አውስትራሊያ መሄድ ታሪክ ሆነ።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ ተሞክሮ ነበር። ኮንኮርድ ለንደንን ከባህሬን ጋር በ1976 አገናኝቶ፣ በዲሴምበር 1977 እስከ ሲንጋፖር ቀጠለ። ማሌዥያ በድምፁ ምክንያት ተቃወመችና ከሦስት ደርሶ መልስ በኋላ ቆመ፤ በ1979 ቢመለስም በ1980 ለመጨረሻ ጊዜ ተቋረጠ። ሕንድም ከድምፅ በላይ በሆነ ፍጥነት ሰማይዋን እንዲያቋርጥ አልፈቀደችም። አንድ ኮንኮርድ በፌብሩዋሪ 1985 በልዩ በረራ ከለንደን ሲድኒ በየመሃሉ ነዳጅ እየሞላ በ17 ሰዓት ከ3 ደቂቃ መድረሱን ሳስብ፣ ይህ ከ40 ዓመት በኋላም ያልተደገመ መሆኑ ያስቆጫል። የተሸነፈው በድምፅ፣ በነዳጅ ፍጆታና ከታች ባሉት አገሮች ፈቃድ ማጣት ነው።

በኦገስት 1989 ኳንታስ አዲሱን ቦይንግ 747-400 ሲረከብ ከለንደን ሲድኒ ሳያርፍ አበረረው፤ 20 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ፈጀ። ይህን ለማድረግ ከተለመደው የከበደ ልዩ ነዳጅ ተሞላ፤ ሞተር አስነሥቶ በመንደርደር ነዳጅ እንዳያባክን እስከ መንደርደሪያው ጫፍ በጎታች መኪና ተጎተተ። ውስጡ የነበሩት 23 ሰዎች ብቻ ናቸው። 400 ያህል ሰው በሚጭን አውሮፕላን 23 ሰው! በ1943 የካታሊናው ሦስት፣ በ1989 የ747ቱ ሃያ ሦስት፤ ችግሩ አንድ ነው። ረጅም በረራ ነዳጅን ለመሸከም የሚቃጠል ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል፣ ያም ክብደት የሰውን ቦታ ይወስዳል።

ስለዚህ የ1990ዎቹና የ2000ዎቹ መንገደኛ አንድ ጊዜ እያረፈ ሄደ፤ ከ22 እስከ 24 ሰዓት። ውድድሩም ማረፊያው የት ይሁን ወደሚለው ዞረ። ሲንጋፖር ለዚህ የታደለች ናት፤ በእሷ በኩል መሄድ በአጭሩ መስመር ላይ የሚጨምረው ከ200 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ዱባይ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ነገር ግን በ1985 የተቋቋመው ኤምሬትስ ለንደንን ብቻ ሳይሆን አውሮፓን በሙሉ ከአውስትራሊያ ጋር በአንድ ማረፊያ ስላገናኘ ጭማሪው አልጎዳውም። ኳንታስ ራሱ በ2013 ከኤምሬትስ ጋር ተዋውሎ ማረፊያውን ከሲንጋፖር ወደ ዱባይ አዛወረ፤ በ2018 ደግሞ ወደ ሲንጋፖር ተመለሰ። ቨርጂን አትላንቲክ በ2014 ከሲድኒ ወጣ። በሜልቦርን ፉትስክሬይ ያሉ ወገኖቻችን ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ዱባይን ወይም ዶሃን የሚረግጡትም በዚሁ በባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች መስፋፋት የተነሣ ነው።

ማርች 24 ቀን 2018 ቦይንግ 787-9 ከፐርዝ ለንደን ሳያርፍ ሲበር፣ አውስትራሊያና አውሮፓ ለመጀመሪያ ጊዜ በመደበኛ በረራ ያለ ማረፊያ ተገናኙ። ርቀቱ 14,498 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜው 17 ሰዓት ገደማ፣ ወንበሩ 236 ነው። ከሦስትና ከ23 ጋር አስተያዩት። ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ቀላል አካልና ነዳጅ ቆጣቢ ሞተር 75 ዓመት የቆየውን ሒሳብ ገለበጡት። ለሲድኒ ግን አሁንም አልበቃም፤ በኖቬምበር 2019 ያው ዓይነት አውሮፕላን ከለንደን ሲድኒ ለሙከራ ሲበር በ19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ቢደርስም፣ የጫነው 50 ያህል ሰው ነበር።

የዚህ ሒሳብ መልክ ለእኛም ቅርብ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለው ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፐርዝ ለንደን በብዙ ያንሳል። ሆኖም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን ሲመለስ ሳያርፍ ሲመጣ፣ ሲሄድ ግን በየዘመኑ በሮም፣ በደብሊን ወይም በሌላ ቦታ ነዳጅ ለመሙላት አርፏል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፍና ሞተር የሚሸከሙት ክብደት በዚያ ልክ ይቀንሳል፣ ወደ ምዕራብ ሲበርም ነፋሱ ከፊት ይገጥማል። ርቀት በካርታ ላይ ብቻ እንደማይለካ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ቴክኖሎጂው ማረፊያን ማስቀረት በጀመረበት ዘመን፣ የሰማይ ፈቃድ ወደ ፊት መጣ። በጁላይ 2014 ከአምስተርዳም ኩዋላ ላምፑር ይበር የነበረው የማሌዥያ አውሮፕላን በምሥራቅ ዩክሬን ሰማይ ተመትቶ 298 ሰዎች ሲያልቁ፣ ከመካከላቸው ጉዟቸውን ወደ አውስትራሊያ የሚቀጥሉ ነበሩ። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ አውስትራሊያ ከማርች 2020 ጀምሮ ድንበሯን ዘጋች። በኖቬምበር 2021 የለንደን በረራ ሲመለስ የምዕራብ አውስትራሊያ ግዛት ገና ዝግ ስለነበር፣ በፐርዝ ፋንታ ዳርዊን ላይ አረፈ፤ ከስሚዞቹ 102 ዓመት በኋላ። በ2022 ሩሲያ ሰማይዋን ለብሪታንያና ለአውሮፓ ኅብረት አየር መንገዶች ዘጋች፤ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 9 ሰዓት ተኩል ያህል የነበረው በረራ ወደ 13 ሰዓት ረዘመ። በኤፕሪል 2024 ደግሞ በኢራንና በእስራኤል ውጥረት የተነሣ ከፐርዝ ለንደን የሚበረው አውሮፕላን የኢራንን ሰማይ ለመሸሽ ለጊዜው ሲንጋፖር አርፎ ነዳጅ ለመሙላት ተገደደ። በመልሱ ጉዞ ነፋሱ ከኋላው ስለሆነ ሳያርፍ ቀጥሏል። የ2018ቱ ድል በአንድ ሳምንት ዜና ወደ ኋላ መጎተቱ፣ የብሪንዲዚውን ባቡር ለሚያስታውስ አዲስ ነገር አይደለም።

ኳንታስ በሜይ 2022 12 ኤርባስ ኤ350-1000 አውሮፕላኖች አዝዟል፤ ዓላማው ሲድኒን ከለንደንና ከኒው ዮርክ ጋር ሳያርፍ ማገናኘት ሲሆን፣ አገልግሎቱ በ2027 ይጀመራል ተብሎ ይጠበቃል። የፕሮጀክቱ ስም ሰንራይዝ ነው፤ የጦርነቱን ዘመን የካታሊና በረራዎች ለማስታወስ የተሰጠ። አውሮፕላኑ 20,000 ሊትር የሚይዝ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ አለው። ወንበሩ 238 ብቻ ነው፤ ሌሎች አየር መንገዶች በዚሁ አውሮፕላን ከ300 በላይ ይጭናሉ። በረራው እንደ ነፋሱ እስከ 22 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ከአንድ ማረፊያ ጉዞ ጋር ሲነጻጸር የሚያተርፈው እስከ አራት ሰዓት ነው።

ከ1947 ጀምሮ ሲታይ አራት ሰዓት ትንሽ ነው። በዚያን ጊዜ የአንድ ትውልድ መሻሻል ቀናት ይቆርጥ ነበር። ለዚያች አራት ሰዓት መንገደኛው ምን ያህል ይጨምራል የሚለው ነው እንግዲህ የሚወስነው። የቅርቡ ምሳሌ አስጠንቃቂ ነው፦ ሲንጋፖር አየር መንገድ በ2004 ወደ ኒውአርክ ሳያርፍ መብረር ጀምሮ በ2013 አቆመ። አውሮፕላኑ መብረር አቅቶት ሳይሆን፣ ባለ አራት ሞተሩ ኤ340-500 የሚፈጀው ነዳጅ ከቲኬቱ ገቢ ጋር ስላልተመጣጠነ ነው። በ2018 ባለ ሁለት ሞተር ኤ350 ይዞ ተመለሰ፣ እስካሁንም ይበራል። የሲድኒው መስመር በዚያው የሞተር ትውልድ ስለሚጀመር የኤ340ው ዕጣ ይደርሰዋል ብዬ አልሰጋም። የምሰጋው ለሰማዩ ነው። ከለንደን ሲድኒ የሚሄደው አጭሩ መስመር በሩሲያና በቻይና ላይ ያልፋል፤ ወደ ደቡብ ቢወርድ ካስፒያንና ኢራን ይጠብቁታል። አንዱ ሲዘጋ በሌላው ለመዞር የሚያስፈልገው ነዳጅ ከዚያው ከ20,000 ሊትሩ ታንክ ይወጣል፤ ታንኩ ካልበቃ ደግሞ ከ238ቱ ወንበሮች ጥቂቶቹ ባዶ ይሄዳሉ።